ውስጡን ሳይጠይቁ አይዘዙ፦ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ጂያውዝ ቤት የመመገብ መመሪያ

በሼንያንግም ሆነ በሃርቢን የብርዱ ወራት ሲገባ የጂያውዝ ቤቶች መስታወት በእንፋሎት ይጋረዳል። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ወፍራም መጋረጃ ገልጦ የሚገባ መነጽር ያደረገ ሰው ለአፍታ ምንም አያይም። ቀድሞ የሚቀበለው የኮምጣጤና የጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሽታ ነው።

ጂያውዝ በስስ የስንዴ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ሥጋ ወይም አትክልት ነው። ከሳምቡሳ ጋር ይዛመዳል፤ ነገር ግን የሚበስለው በፈላ ውኃ ነው፣ ቅርጹም ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። በመላው ሰሜን ቻይና ይበላል፤ እኔ የምጽፈው ግን ስለ ዶንግቤይ ነው። ቻይናውያን ሊያውኒንግ፣ ጂሊንና ሄይሎንግጂያንግ የተባሉትን ሦስቱን የሰሜን ምሥራቅ ክፍለ አገራት በአንድነት የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። በሼንያንግ፣ በቻንግቹንና በሃርቢን የተማሩ ኢትዮጵያውያን ምግቡን በደንብ ያውቁታል። ለንግድ ወደ ጓንግዡ የሚመላለስ ሰውም አያጣውም፤ የዶንግቤይ ሰዎች በየከተማው ስለተበተኑ ጂያውዝ ቤታቸውም ተከትሏቸዋል።

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የእራት ማታ ነው። ሼንያንግ በደረስኩበት የመጀመሪያ ወር ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር ወጣን። ጓደኛዬ «ሮው» ማለት ሥጋ መሆኑን በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ተምሯል። አስተናጋጇ ስትመጣ በልበ ሙሉነት «ሮው» አላት፤ እሷም ጽፋ ሄደች። ሁለት ሳሕን ከጨረስን በኋላ ከጎናችን የተቀመጠ እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ የበላነው የአሳማ ሥጋ መሆኑን ነገረን። ጓደኛዬ ቾፕስቲኩን አስቀምጦ እስክንወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አስተናጋጇ አላታለለችውም። በቻይንኛ «ሮው» ብቻ ሲባል የሚታሰበው የአሳማ ሥጋ ነው፤ ሌላ ሥጋ የሚፈልግ ሰው የእንስሳውን ስም ማስቀደም አለበት። ይህን ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ማታ በሌላ መልክ ያልፍ ነበር።

ከመግባትዎ በፊት

ጥሩ ጂያውዝ ቤት በእጅ ሥራው ይታወቃል። ብዙዎቹ ሊጥ የሚዳመጥበትን ጠረጴዛ ከመስታወት በስተጀርባ፣ ለመንገደኛ በሚታይ ቦታ ያደርጉታል። ሁለት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ። ሴትየዋ በቀኝ እጇ አጭር መዳመጫ ታንከባልላለች፤ በግራዋ ድቡልቡሏን ሊጥ ጥቂት በጥቂት ታዞራለች። መዳመጫው እስከ መሐል ገብቶ ይመለሳል እንጂ አያልፍም። ስለዚህ ጠርዙ ይሳሳል፣ መሐሉ ወፈር ይላል። መሐሉ የሚወፍረው ሙሌቱን ተሸክሞ እንዳይቀደድ ነው፤ ጠርዙ የሚሳሳው ደግሞ ሲታጠፍ ድርብ የሚሆነው ቦታ ጥሬ እንዳይቀር ነው። አጠገቧ ያለችው ሙሌቱን በቀጭን እንጨት ጨምራ በሁለት እጆቿ ጭምቅ ስታደርገው አንዱ ጂያውዝ አለቀ። ይህን የሚሠራ እጅ ካዩ ይግቡ።

በተጨናነቀ ሰዓት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢያስጠብቁዎት ቅር አይበልዎት፤ ትእዛዝዎ ገና እየተጠቀለለ ነው ማለት ነው። በደረሱ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚቀርብልዎት ግን ምናልባት ቀድሞ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው።

የሰሜን ሰዎች በጊዜ ይበላሉ። በእኛ አቆጣጠር ምሳ ከረፋዱ 5:30፣ እራት ከቀኑ 11:30 ይጀመራል። ከምሽቱ 2:00 በኋላ የሰፈር ቤቶች ወንበር ማንሣት ስለሚጀምሩ ቀደም ብለው ይሂዱ።

በሼንያንግ ስሙ የገነነው ላውቢየን የተባለው ቤት ነው። በፈረንጆች 1829 እንደተመሠረተ ይነገርለታል። መለያው ሙሌቱን ከመጠቅለሉ በፊት ማመሱ ነው፤ ሌሎች ቤቶች ሙሌቱን ጥሬውን ይጠቀልላሉ። አንድ ጊዜ ሊሄዱበት የሚገባ ቤት ነው። በየሳምንቱ የሚመላለሱበት ቤት ግን ባለቤቷ ራሷ የምትጠቀልልባት፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት የሰፈር ቤት ብትሆን እመርጣለሁ።

የምን ሥጋ ነው?

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የምግብ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ጂያውዝ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ውስጡ ብቻ ነው። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ የሥጋውን ዓይነት ከአንድ አትክልት ጋር አጣምሮ ይይዛል።

አሳማ «ጁሮው» ነው። የበሬ ሥጋ «ኒውሮው»፣ የበግ «ያንግሮው»፣ የዶሮ «ጂሮው» ይባላል። እንቁላል «ጂዳን» ነው። አሳማ የማይበላ ሰው «ዎ ቡ ቺ ጁሮው» ይላል፤ «የአሳማ ሥጋ አልበላም» ማለት ነው። በዚህ አያበቃም። «ጁዮው» ማለት የአሳማ ስብ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቤት ሙሌቱ እንዲለሰልስ በአትክልቱም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱንም ቃል ጠቅሰው ይጠይቁ። ቻይንኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ስለሆነ ቃሉን በትክክል ቢያጠኑትም ላይሰሙዎት ይችላሉ። ከቤት ሳይወጡ «የአሳማ ሥጋም የአሳማ ስብም አልበላም» የሚለውን በስልክዎ የትርጉም መተግበሪያ በቻይንኛ አስጽፈው፣ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። አስተናጋጇ አንብባ ራሷን በእሺታ እስክትነቀንቅ ድረስ ስልኩን ከፊቷ አያንሡ።

«ሳንሺየን» የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ትርጉሙ «ሦስት ትኩስ ጣዕሞች» ነው፤ ሽሪምፕ፣ እንቁላልና ጂውጻይ የተባለ ቅጠል ይገባበታል። ብዙ ቤቶች ግን አሳማ ይጨምሩበታል። ስሙ ስለ አሳማው አንዳች አይናገርምና ሳይጠይቁ አይዘዙት።

ጂውጻይ የነጭ ሽንኩርት ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ረጅምና ጠፍጣፋ፣ ሽታውም ኃይለኛ ነው። ከእንቁላል ጋር ሲጠቀለል ከሁሉም የምወደው ሙሌት ይሆናል። የአራጁ ሃይማኖት የሚያሳስበው ክርስቲያንም ከጾም ውጭ ባሉ ቀናት የሚመገበው ይህን ነው። ይሁንና ደቃቅ የደረቀ ሽሪምፕ አንዳንዴ ይነሰነስበታል፤ ስሙ «ሺያፒ» ነው፣ የማይበላ ሰው ያለዚያ እንዲሠራለት ይጠይቅ።

በጾም ቀን ጥንቃቄው እጥፍ ነው። «ሱ» የሚለው ቃል ሥጋ የሌለበትን ምግብ ያመለክታል እንጂ የእኛን የጾም ምግብ አይተካም። የሱ ጂያውዝ በአብዛኛው እንቁላል አለበት፤ ቻይናዊው አብሳይ እንቁላልን ከሥጋ ስለማይቆጥር ሳያስበው ይጨምረዋል። «ቹን ሱ» ካሉ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ፈጽሞ እንደማይፈልጉ ይረዳል፤ «ቡ ቺ ጂዳን»፣ እንቁላል አልበላም፣ የሚለውንም ይጨምሩበት። ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ)፣ እንጉዳይ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ያለበት ጂያውዝ ካላቸው በጾም ቀን የሚያጠግብ ምግብ ነው።

ሙስሊም ወገኖች ደግሞ ሥጋውን ብቻ ጠይቀው ማለፍ አይበቃቸውም፤ የበጉም የአሳማውም ጂያውዝ የሚቀቀለው በአንድ ድስት ነው። መፍትሔው «ቺንግጀን» የሚል ምልክት ያለበት ቤት መፈለግ ነው፤ ሐላል ማለት ነው። እነዚህን ቤቶች የሚያስተዳድሩት በአብዛኛው ህዊ የተባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ናቸው፤ የበግና የበሬ ጂያውዛቸውን የሚስተካከል አላገኘሁም። በሼንያንግ በፈረንጆች ከ1796 ጀምሮ የሚታወቀው ማጂያ ሻውማይም ሐላል ነው፤ አፉ እንደ አበባ የተከፈተና የበሬ ሥጋ የያዘ፣ በእንፋሎት የሚበስል ሌላ የሊጥ ጥቅል ያቀርባል። የአራጁ ሃይማኖት ለማያሳስበው፣ አሳማ ግን ለማይበላ ክርስቲያንም እነዚህ ቤቶች ጭንቀት አልባ ናቸው።

ሁለት ሙሌቶችን ለኢትዮጵያዊ ምላስ ብዬ ለይቼ እጠቅሳለሁ። አንደኛው «ህዊሺያንግ» ነው፤ እኛ እንስላል የምንለው ነው። ቅጠሉ ተከትፎ ከሥጋ ወይም ከእንቁላል ጋር ይጠቀለላል። ገና ሲነክሱት እናትዎ ጓሮ ያለ ይመስልዎታል። ሁለተኛው «ስዋንጻይ» ነው። የዶንግቤይ ሰዎች በመከር ጥቅል ጎመን በትልቅ ጋን ደርድረው፣ ጨው ነስንሰው፣ ድንጋይ ጭነው እስኪኮመጥጥ አንድ ወር ያህል ያስቀምጡታል። አትክልት በማይበቅልበት ረጅም ብርድ የሚበሉት እሱን ነበር። በእንጀራ እርሾ ያደገ ሰው ጣዕሙን ወዲያው ይለምደዋል። የተለመደው ስዋንጻይ ጂያውዝ ከአሳማ ጋር ስለሆነ «ኒውሮው ስዋንጻይ» እንዳለ ይጠይቁ።

በስንት ሊያንግ?

ጂያውዝ በነባሮቹ ቤቶች የሚታዘዘው በሚዛን ነው። መለኪያው «ሊያንግ» ሲሆን 50 ግራም ነው፤ አሥር ሊያንግ አንድ «ጂን»፣ ማለትም 500 ግራም ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ በልማድ የሚመዘነው ዱቄቱ እንጂ የበሰለው ምግብ አይደለም። ከ50 ግራም ዱቄት አምስት ወይም ስድስት ጂያውዝ ይወጣል። አንድ ጂን ካዘዙ እንግዲህ ከ50 እስከ 60 ጂያውዝ ይመጣልዎታል፤ ለአንድ ሰው ፈጽሞ አይቻልም።

ለአንድ ጎልማሳ ሦስት ሊያንግ ይበቃል፤ የራበው አራት ይበላል። አብዛኛው ቤት ከአንድ ዓይነት ሙሌት ከሁለት ሊያንግ በታች አይሸጥም። ለሁለት ሰው የምመክረው ሁለት ዓይነት ሙሌት ከየዓይነቱ ሁለት ሊያንግ ነው፤ ከ20 እስከ 24 ጂያውዝ ይሆናል፣ ከጎኑ አንድ ቀዝቃዛና አንድ ትኩስ ምግብ ይጨመራል። ሁለት ሊያንግ «አር ሊያንግ»፣ ሦስት ሊያንግ «ሳን ሊያንግ» ይባላል። በቁጥር ወይም በሳሕን የሚሸጡ ቤቶችም አሉ፤ እዚያ አንዱ ሳሕን ስንት እንደሚይዝ ይጠይቁ።

አበሳሰሉንም ይምረጡ። «ሹዊጂያው» የተቀቀለው፣ «ጀንግጂያው» በእንፋሎት የበሰለው፣ «ጂየንጂያው» በምጣድ ታችኛው ጎኑ የተጠበሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የተቀቀለውን ይዘዝ። የሊጡ ጥራት ሳይሸፋፈን የሚታየው በእሱ ነው፤ የተጠበሰው ኩርሽምሽም ማለቱ ብዙ ጉድለት ይደብቃል።

ከጎኑ ምን ይዘዙ

ጂያውዝ በቻይና ማዕድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛው ይቀድማል፣ ትኩሱ ይከተላል። ከርቦዎት ከሆነ መጀመሪያ እንዲመጣ ይናገሩ። ከቀዝቃዛው «ፓይ ህዋንግጓ» ይበቃል፤ በቢላዋ ጠፍጣፋ ጎን ተመትቶ የተሰባበረ ኪያር በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ የታሸ ነው። «ዳ ላፒ» ከማሾ ስታርች የተሠራ ሰፊና የሚያብረቀርቅ ኑድል በሰሊጥ ስጎ ነው፤ ከላዩ የሥጋ ክር ሊኖርበት ስለሚችል ይጠይቁ።

ከትኩሱ «ዲሳንሺየን» ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ በአንድነት የተጠበሰበት ነው፤ ያለ ሥጋ ስለሚሠራ፣ የአሳማ ስብ እንደሌለበት ከተጠየቀ ለጾመኛ ይሆናል። «ሺያው ጂ ዱን ሞጉ» ዶሮ ከደረቀ እንጉዳይ ጋር ረጅም ጊዜ የተቀቀለበት ነው፤ ዶሮው ከነአጥንቱ ስለሚመጣ የአገር ቤትን የማዕድ ወግ ያስታውሳል። ሃርቢን የሚታወቅበት «ጉዎ ባው ሮው» ግን ስሙ ላይ እንስሳ አልተጠቀሰም፤ አሳማ ነው።

የዶንግቤይ ሳሕን ትልቅ ነው። በደቡብ ቻይና ሦስት ሰው አምስት ምግብ ያዛል፤ እዚህ ሁለቱ ይበቃቸዋል።

አስተናጋጅ ለመጥራት አያጨብጭቡ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ፉዉዩዋን!» ይበሉ። ለእኛ ጆሮ ሻካራ ይመስላል፤ እነሱ ዘንድ የተለመደ አጠራር ነው፣ አንገት አቀርቅሮ የሚጠብቅ ሰው ግን ሲጠብቅ ያመሻል። በብዙ ቤቶች ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን የQR ምልክት በስልክ አንብቦ ማዘዝም ይቻላል። ሙሌቱን ለመጠየቅ ግን ሰው ይሻላል።

ማጥቀሻውን ራስዎ ያዘጋጁ

ጠረጴዛው ላይ ኮምጣጤ፣ የአኩሪ አተር ስጎ፣ በዘይት የተነከረ በርበሬ፣ የተወቀጠ ወይም ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያገኛሉ። ጥቁሩ ኮምጣጤ ከሻንሺ ክፍለ አገር ከሆነ ዋና እህሉ ማሽላ ነው፤ ከአቼቶ ይወፍራል፣ የተቃጠለ እህል ሽታና ትንሽ ጣፋጭነት አለው። በትንሿ ሳሕን ሦስት ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ ማንኪያ ስጎ፣ ግማሽ ማንኪያ በርበሬ ያድርጉ። ስጎው ከበዛ ጨዋማ ሆኖ የሙሌቱን ጣዕም ያጠፋል። የበርበሬ ዘይቱ ከሚጥሚጣ ይለዝባልና የሚያቃጥል የለመደ ሰው አይፍራው።

የዶንግቤይ ሰው ነጭ ሽንኩርቱን ልጦ፣ አንድ ጂያውዝ ጎርሶ፣ ከላዩ ነጭ ሽንኩርት ቆርጠም ያደርጋል። ይሞክሩት፤ በተለይ ከበግ ጂያውዝ ጋር የስቡን ከባድነት ያቀለዋል። በክረምታቸው መጨረሻ ከሄዱ አረንጓዴ ነጭ ሽንኩርት ሊቀርብልዎት ይችላል። አልተበላሸም። «ላባ ስዋን» ይባላል፤ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በ12ኛው ወር በ8ኛው ቀን በኮምጣጤ ተነክሮ ለአዲስ ዓመት ጂያውዝ የሚደርስ ነው፤ ቀለሙን የሚለውጠው ኮምጣጤው ነው።

ሲበሉ

ሳሕኑ እንደደረሰ ወሬ ያቁሙ። የተቀቀለ ጂያውዝ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይጠብቅም፤ ሲቀዘቅዝ ሊጡ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ለማላቀቅ ሲሞክሩ ይቀደድና ጭማቂው ሳሕኑ ላይ ይቀራል። ሁለት ዓይነት ካዘዙ ተከታትሎ እንዲመጣ እንጂ አንድ ላይ እንዳይመጣ ይጠይቁ።

ቾፕስቲክ ያልለመደ ሰው ጂያውዙን ከጎንና ከጎን አይቆንጥጥ፤ ያሟልጫል። ከወገቡ በታች አስገብተው ወደ ላይ ያንሡት፣ ማጥቀሻው ውስጥ አንዴ ያገላብጡት፣ ከጠርዙ ትንሽ ነክሰው እንፋሎቱን ያስወጡ። የመጀመሪያውን ንክሻ እንደወሰዱ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ሥጋው አብረቅርቆ ጭማቂ ከቋጠረ፣ አትክልቱም ቀለሙን ካልጣለ በትክክል ተሠርቷል። ያዘዙት ሙሌት መሆኑንም የሚያረጋግጡት ያኔ ነው፤ ጠቆር ያለ ሳይሆን ነጣ ያለ ፈዛዛ ሥጋ ካዩና ያዘዙት የበሬ ከሆነ ሳይፈሩ ይጠይቁ።

ቾፕስቲክዎን ሳሕን ወይም ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገው አይትከሉ፤ ለሙታን የሚቆምን ዕጣን ያስመስላል። ጋባዥዎ ምግብ አንሥቶ ሳሕንዎ ላይ ቢያስቀምጥልዎት ያክብሩት፤ ከእኛ ጉርሻ የሚለየው አፍ ላይ አለመድረሱ ብቻ ነው። ወደ አገርዎ በሚመለሱበት ዋዜማ ቻይናዊ ወዳጅዎ ጂያውዝ ልጋብዝዎ ካለም እምቢ አይበሉ። በሰሜን ቻይና ሂያጅ በጂያውዝ ይሸኛል፣ መጪ በኑድል ይቀበሉታል፤ ግብዣው ስንብቱ ነው።

በልተው ሊጨርሱ ሲሉ «ጂያውዝ ታንግ» ይጠይቁ፤ ጂያውዙ የተቀቀለበት ውኃ ነው፣ ዋጋ አያስከፍልም። ነጣ ብሎ ሞቅ ያለ ነው፣ ጨው የለውም። ምግብ በተቀቀለበት ውኃ ይፈጫል ይላሉ፤ እኔም ከበግ ጂያውዝ በኋላ ሆዴን ሲያቀለው አይቻለሁ። አሳማ የማይበላ ሰው ግን ከሐላል ቤት ውጭ ይህን አይጠጣ፤ ድስቱ ለሁሉም አንድ ነው።

ሒሳብ ለመጠየቅ «ማይ ዳን» ይበሉ። በቻይና ጉርሻ ለአስተናጋጅ አይሰጥም፤ ቢተዉላት ረስተው የሄዱ መስሏት ተከትላዎት ትወጣለች። ክፍያው በአብዛኛው አሊፔይ ወይም ዊቻት በተባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ስለሆነ ከመሄድዎ በፊት የባንክ ካርድዎን ከአንዱ ጋር ያገናኙ፤ ጥቂት የቻይና የወረቀት ገንዘብም ይያዙ።

የተረፈዎትን «ዳ ባው» ብለው ያስጠቅልሉ፤ ነውር የለውም። ቤት ሲደርሱ ሳይደራረቡ በሳሕን ዘርግተው ማቀዝቀዣ ያስገቡ። በማግስቱ ጠዋት መጥበሻ ላይ ጥቂት ዘይት አግለው፣ ጂያውዞቹን ደርድረው፣ ታችኛው ጎን ቡናማ እስኪሆን ይጠብቁ። ከዚያ ሩብ ብርጭቆ ውኃ ጨምረው ወዲያው ይክደኑት፤ ውኃው ጨርሶ ሲተን ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ኩርሽምሽም የሚል ቁርስ ይሆናል።